ሐሙስ የማይገባው ሐኪም

ምላሴ ስለት ነው። ለመኩራራት አይደለም ይህን የምናገረው፤ ድሮ ግን እኮራበት ነበር። "ሰውዬው እጁ ወርቅ ነው፣ አፉ ግን አያድርስ!" ሲሉኝ እሰማና ደረቴን ነፍቼ አልፋለሁ። እውነት ተናጋሪ ነኝ ባይ ነበርኩ። ታካሚ አፉን ሲከፍት፣ "ወይ ጉድ! የጥርስ ብሩሽ የሚባል ነገር መኖሩን ሰምተህ ታውቃለህ?" እለዋለሁ። ጎልማሳዋን ሴትዮ፣ "እዚህ ውስጥ ደህና የቀረው ምላስዎ ብቻ ነው" እላታለሁ። ከሁሉ የምወዳት ደግሞ አንዲት አባባል ነበረችኝ። ጥርሱ ግማሹ ተሰብሮ ግማሹ ተነቃንቆ የመጣ ሰው ሲገጥመኝ፣ ትንሿን የጥርስ መስታወት አስገብቼ ዞር ዞር አደርግና፣ "ይሄ አፍ አይደለም፣ የፈረሰ አጥር ነው!" እላለሁ። አሥራ አምስት ዓመት አብራኝ የሠራችው ሲስተር ትስቃለች። ታካሚውም እጄ አፉ ውስጥ እያለ እንደ መሳቅ ይላል። የሳቀ ይመስለኝ ነበር።

በቀጠሮው ሳይመለስ ሲቀር "ፈሪ!" ብዬ ካርዱን ወደ ካርድ ክፍል አስመልሳለሁ። ስንቱን እንዲህ እንዳስመለስኩ አሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት ሐኪም ክሊኒኩ ውስጥ ተቀጠረች። አለቃዋ እኔ ነኝ። ገና በሳምንቷ ጥርሴ ውስጥ ገባች። ታካሚዋን እንደ ሰው ወዲያው አታስተኛውም። መጀመሪያ መስኮቱ አጠገብ ባለች ተራ ወንበር ላይ ታስቀምጠዋለች፣ እሷም ፊት ለፊቱ ቁጭ ትላለች፣ ከዚያ ሦስት ጥያቄ። ጥርስዎን ሳይታከሙ ለምን ቆዩ? ከሁሉ የሚፈሩት ምንድን ነው? እኛ ምን እንዳናደርግ ይፈልጋሉ? ሰውዬው ሲናገር እሷ ትጽፋለች። ስታስተኛው ደግሞ "ካመመዎት ግራ እጅዎን ያንሱ፣ አቆማለሁ" ትለዋለች፤ ጉዱ፣ እጁን ሲያነሳ እውነትም ታቆማለች! እኔም እኮ እጅ አንሱ እላለሁ። ሲያነሱ ግን "አለቀ፣ አለቀ፣ በቃ አለቀ" እያልኩ ሥራዬን እቀጥላለሁ። እሷ አንድ ጥርስ ስትጨርስ እኔ ሦስት ጨርሻለሁ። "እመት ጥያቄ" ብዬ ስም አወጣሁላት፤ ስሙም ከካርድ ክፍል እስከ ጥበቃው ድረስ ተዳረሰላት።

አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ሥራ ሳይጀመር፣ እንደ ልማዳችን አራታችን ተሰብስበን ነበር፤ እኔ፣ እመት ጥያቄ፣ ሲስተርና የካርድ ክፍሏ ልጅ። እመት ጥያቄ ሰማያዊ አቃፊ ይዛ መጣች።

"ዶክተር፣ ይሄ አሠራር በሁለቱም ክፍል ቢሆን ብዬ ነበር" አለች። "የቀሩ ታካሚዎች እየተመለሱ ነው። አጠር ያለ ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።"

"ጽሑፉ ይቆየን" አልኩና እጄን ዘርግቼ አቃፊውን ሳብኩት። "እስቲ ሕዝቡ ምን እንደሚልሽ እንስማ!"

"ዶክተር፣ እሱን ባያነቡት..." አለች ብድግ ብላ። ማን ሊሰማት! ከላይ ያለውን ወረቀት መዘዝኩ። ስም የለውም፣ የካርድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ያውም የትናንት። ጉሮሮዬን ጠረግኩና፣ ሬዲዮ ላይ ትረካ እንደሚያነብ ሰው ድምፄን አወፍሬ ጀመርኩ።

"ለምን ቆዩ? መልስ፤ የጥርስ ሐኪም ዘመድ ስላለኝ።"

የካርድ ክፍሏ ልጅ በሳቅ ፍርፍር አለች። "ወይ ሰው! ወንዝ ዳር ተቀምጦ ውኃ ጥም!" አልኩ እኔም፣ ጨምሬበት።

"ከሁሉ የሚፈሩት? መልስ፤ መርፌ አልፈራም። ሕመምም ለምጄዋለሁ። የምፈራው መሳቂያ መሆንን ነው። ያ ዘመዴ ተማሪ እያለ ለእረፍት መጥቶ፣ ቤት ሙሉ እንግዳ ባለበት፣ እስቲ አፍህን ክፈት አለኝ። ለትምህርቱ የሚጠቅመው መስሎኝ ከፈትኩለት። ይሄ አፍ አይደለም፣ የፈረሰ አጥር ነው አለ።"

እዚህ ላይ ሳቅሁ። ከሁሉም ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ "ጎበዝ፣ እንደኔ የሚቀልድ ሰው አለ ለካ!" ብዬ ነው የሳቅሁት። ሲስተር ግን አልሳቀችም። አፏን በእጇ ይዛ ታየኛለች። ያቺ አባባል የማን እንደሆነች ከኔ ቀድማ ያወቀችው እሷ ነበረች። እኔ ግን ምላሴ አላቆመም፤ ንባቤን ወደ ታች ቀጠልኩ።

"ሰው ሁሉ ሳቀ። ሴት ልጆቼም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት አፌን ከፍቼ ስቄ አላውቅም። ሃያ አምስት ዓመት ሆነው።" ድምፄ እየቀጠነ መጣ። "ምን እንዳናደርግ ይፈልጋሉ? መልስ... ቀጠሮዬ ሁሌ ሐሙስ ሐሙስ ይሁንልኝ። እሱ ሐሙስ አይገባም።"

በክሊኒኩ ውስጥ ሐሙስ የማይገባ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እኔ። ክው አልኩ። እመት ጥያቄ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና በቀስታ አጥፋ ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ወንድሜ ነው። ታላቄ። ጋሼ። በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ጋሼ በፀጉር አስተካካይነቱ፣ በዚያች በመቀሱ፣ አብልቶ አልብሶ አስተምሮ ለዶክተርነት ያበቃኝ እሱ ነው። ሲስቅ እጁን አፉ ላይ ይጭናል፤ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ሥራ ላይ አፉን በጨርቅ ይሸፍናል፤ የፀጉር ብናኝ እንዳይገባበት ይመስለኝ ነበር። "ጋሼ፣ ና ጥርስህን ልይልህ" ባልኩት ቁጥር "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ይለኝ ነበር። እኔ ሞኙ ደግሞ ደህና ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ፣ ያንን ቀን ጨርሶ አላስታውሰውም ነበር። እሱ ሃያ አምስት ዓመት ተሸክሞት የዞረውን ነገር እኔ እንደ አክታ ተፍቼው ነው የሄድኩት። ቁጭ ብዬ ሳስብ ግን ቀስ በቀስ መጣልኝ። ከትምህርት ቤት ይዣት የመጣሁ አዲስ መስታወት ነበረች፣ ሰው እንዲያይልኝ ኪሴ ውስጥ አላስቀምጣትም ነበር። ጋሼ በኔ ኮርቶ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ ነበር። አፉን ሲከፍትልኝ ዓይኖቹ እየሳቁ ነበር። ከዚያ በኋላ ዓይኖቹ ምን እንደሆኑ አላየሁም፤ የሚስቁትን ሰዎች ነበር የማየው።

እመት ጥያቄ ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ።

"ዶክተር፣ መንጋጋቸው ሥር መግል ይዟል" አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እብጠቱ እንዲቀንስ መድኃኒት ጀምሬላቸዋለሁ፣ የፊታችን ሐሙስ ሁለት ጥርስ መነቀል አለበት። ሁለት ጊዜ ከበር ተመልሰው ሄደዋል። ትናንት በሦስተኛው ነው የገቡልኝ። ወደ አንገት ከወረደ ምን እንደሚሆን ከኔ በላይ ያውቃሉ።"

አውቃለሁ። ወደ አንገት ከወረደ ነገሩ የጥርስ መሆኑ ይቀርና የትንፋሽ ይሆናል።

"እባክዎ፣ እስከ ሐሙስ ምንም አይበሏቸው" አለችኝ። "ለኔ ብለው ሳይሆን ለሳቸው ብለው።"

እሺ አልኳት። ልጅቷን ቀና ብዬ ማየት እንኳ አልቻልኩም።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። "እሰይ!" ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላለችም። "አሁንማ አፍህን ያዝ" አለችኝ ብቻ። ዓርብ ያዝኩ። ቅዳሜም ያዝኩ። እሑድ ግን ምሳ ጋሼ ቤት ተጠርተን ነበር፤ እኔ ደግሞ ሆዴ ውስጥ ነገር አያድርም። ማዕድ ላይ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ፣ ዳቦውን በወጡ እያራሰ በአንድ ጎኑ ብቻ ሲያላምጥ አየሁት። ግራ ጉንጩ ሥር ትንሽ ወፈር ብሏል። አንድ ቀልድ መጣና ሰው ሁሉ ሲስቅ እጁ ወደ አፉ ሄደ። አላስቻለኝም። በሰው ፊት የበደልኩትን በሰው ፊት እክሳለሁ አልኩ፤ ያበጠው ይፈንዳ ብዬ ተነሳሁ። ባለቤቴ ኮቴን ጎተተችኝ። እጇን አራገፍኩት።

"ጋሼ" አልኩ። "ቤተሰቡ ሁሉ ይስማልኝ። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት በዚሁ ቤት በጥርስህ ቀልጄብሃለሁ። በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ።"

የታላቂቱ ልጁ ባል፣ ከቤተሰቡ ከተቀላቀለ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፣ ክፋት የለበትም፣ "ምን ብለዋቸው ነበር?" ብሎ ሚስቱን ጠየቃት። እሷም ሳታስበው፣ "የፈረሰ አጥር" አለች። ትንሿ የልጅ ልጅ "አያዬ የፈረሰ አጥር!" ብላ ከትከት ብላ ሳቀች። ልጅ ነች፣ ምን ታውቃለች።

ጋሼ ቀስ ብሎ ተነሳ። እጁን ታጠበ። እያንዳንዱን ጣቱን በፎጣ አደረቀ። ከዚያ ጓዳው በር ላይ ቆሞ በጣቱ ጠራኝ። ኩምሽሽ ብዬ ሄድኩ።

"ልጅቷ ነገረችህ?" አለኝ።

"የለም፣ ጋሼ። እኔ... ካርድህን በአጋጣሚ አየሁት።"

ውሸት ነው። እዚያም ላይ ዋሸሁት።

"ለማንም አልነግርም ብላኝ ነበር" አለ፣ እንዳልሰማኝ ሁሉ። "አይዞዎት ብላኝ ነበር። እንዲያው እኔ ጅሉ አመንኳት። ሐሙስ አልመጣም፤ ንገራት።"

"ጋሼ፣ መግሉ እኮ አደገኛ..."

"አፌ የራሴ ነው!" አለና በሩን ዘጋው።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲሉ ስሰማ ነው ያደግሁት። እኔ ግን ወለምታውን አሽቼ ስብራት አደረግሁት።

ሰኞ ለእመት ጥያቄ ያደረግሁትን ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። ቀጠሮ መዝገቧን ከፍታ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ያለውን ቁጥር አየችው። አልሰረዘችውም።

"እኔ የነገርኩባቸው መስሏቸው ነው፣ አይደል?" አለችኝ።

"ነው።"

"እንግዲያው እርስዎን ይቅር ከማለት በፊት የሚያስፈልጋቸው እኔን ማመን ነው" አለች። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ገባኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ፀጉር ቤት ሄድኩ። አግዳሚው ላይ ሁለት ሰው ተቀምጧል፤ እኔም ተራዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ጋሼ አየኝ፣ አፉን ሸፍኗል፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ባርኔጣውን ሲያወልቅ ፀጉሩ ከኋላው እየተነቀለ ረግፎ ራሱ በየቦታው ተመልጧል። ተቀምጦም ባርኔጣውን አልለቀቀም፣ ጭኑ ላይ አጥብቆ ይዞታል። ጋሼ ወንበሩን ቀስ አድርጎ አዞረው፤ መስታወቱም እንዳያሳየው፣ አግዳሚው ላይ ያለሁት እኔም የረገፈውን እንዳላየው። "ፀሐይዋ ዓይንህን እንዳትወጋህ" አለው። ፀሐይ የለም፣ ሰማዩ ደምኗል። ከዚያ ስለ ሰውዬው ልጆች እየጠየቀው ቆረጠለት። ሰውዬው ሲወጣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞት ነው የወጣው።

ልጅ እያለሁ ከትምህርት ስመለስ እዚህ ቤት ፀጉር እጠርግ ነበር። ይቺን የወንበር ማዞር ስንት ሺህ ጊዜ አይቻታለሁ። ስንት መጽሐፍ አንብቤ፣ ስንት ፈተና አልፌ፣ ይቺን ግን አልተማርኳትም።

"ቀጣይ" አለ ጋሼ።

ተቀመጥኩ። ጨርቁን አንገቴ ላይ አሰረ። መስታወቱ ውስጥ ሁለታችንም አለን፤ የሱ ዓይኖች ብቻ ይታያሉ። ማጅራቴን በምላጭ ማስተካከል ጀመረ። አግዳሚው ላይ የቀረ ሰው አልነበረም፤ እሱን አረጋግጬ ነው የተናገርኩት።

"ጋሼ፣ ዋሽቼሃለሁ። ካርድህን በአጋጣሚ አላየሁትም። ልጅቷ አልነገረችኝም። ወረቀቱን ነጥቄያት ነው ያነበብኩት።"

ምላጩ አልቆመም።

"ያንተ መሆኑን አላወቅሁም ነበር። ለቀልድ ነው ያነበብኩት። ሠራተኞች ፊት።"

ምላጩ ቆመ።

"ጮክ ብለህ?"

"ጮክ ብዬ።"

"ሳቁ?"

"አዎ። ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነኝ።"

መስታወቱ ውስጥ ላየው አልቻልኩም፤ ጨርቁ ላይ የወደቀውን የራሴን ፀጉር ነበር የማየው። ሽበት በዝቶበታል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ልጅቷስ?" አለ።

"አልሳቀችም። እንዳላነበው ለምናኝ ነበር። ከእጄም የወሰደችው እሷ ናት።"

"ቀና በል" አለኝ። የቀረችውን ጨረሰ። ማጅራቴን በአልኮል ሲጠርግ አቃጠለኝ። ጨርቁን ፈታ፣ አራገፈ፣ ወንበሩን ጠረገ። ይቅር ብዬሃለሁ እንዲለኝ ጠበቅሁ፣ እንደ ሕፃን ቆሜ ጠበቅሁ። አላለኝም። መጥረጊያውን አንስቶ ፀጉሬን መጥረግ ጀመረ። ልቀበለው እጄን ስዘረጋ ራሱን ነቀነቀ። በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ተናገረ።

"ሐሙስ እረፍትህ ነው?"

"ነው፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው እረፍ።"

ሐሙስ አረፍኩ። ማረፍ ካሉት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለባብሼ ሳሎን ተቀመጥኩ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ተነሳሁ። "የት?" አለች ባለቤቴ። "የትም" ብዬ ተቀመጥኩ። ካርድ ክፍል ደውዬ "መጥቷል ወይ?" ብዬ ልጠይቅ ስልኩን አነሳሁ፣ በራሴም አፍሬ መለስኩት። መጥቶ ይሆናል ብዬ ያቺን መስኮቱ አጠገብ ያለች ወንበር ማሰብ ጀመርኩ። እኔ በሌለሁበት እዚያ ተቀምጦ የሚናገረውን ነገር ለኔ ሃያ አምስት ዓመት አልነገረኝም። መጥቶ ካልሆነስ? ወደ አንገት ከወረደስ? ባለቤቴ ምሳ አቀረበች፤ ሳልነካው ቀዘቀዘ።

ሰባት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

"እኔ ነኝ" አለ ጋሼ። አፉ ያልታዘዘለት ሰው ድምፅ ነው፤ ማደንዘዣው ገና ከከንፈሩ አልወጣም። "ሁለቱ ተነቅለዋል። ሌሎቹን አተርፋቸዋለሁ ብላኛለች። አሥር ሐሙስ ይፈጃል።"

"ተመስገን" አልኩ። እንባዬ መጣ፣ ግን እንዳይሰማብኝ ዋጥኩት። "አመመህ?"

"ትንሽ። እጄን ሳነሳ ታቆማለች። አራት ጊዜ አነሳሁ፣ አራቴም አቆመች። በአምስተኛው ሳያመኝ አነሳሁት፣ እውነት ታቆም እንደሆን ለማየት።"

"አቆመች?"

"አቆመች።" ከዚያ ጠየቀኝ፤ "አንተስ?"

"ምን እኔስ?"

"ሰው እጁን ሲያነሳ ታቆማለህ?"

አዎ ማለት እችል ነበር። ማን ያውቅብኛል። ሲስተር ታውቃለች፣ እነዚያ ካርዳቸውን ያስመለስኩባቸው ሰዎች ያውቃሉ፣ እነሱ ደግሞ እዚያ የሉም። ግን ማክሰኞ ዕለት ያ ምላጭ ማጅራቴ ላይ የቆመበት ቦታ እስካሁን ይሰማኛል።

"አላቆምም፣ ጋሼ" አልኩ። "አለቀ እያልኩ እቀጥላለሁ።"

የሚቆጣኝ መሰለኝ።

"ነገ ታቆማለህ" አለኝ። ልጅ ሳለሁ "ነገ ደብተርህን ታሳየኛለህ" በሚልበት ድምፅ ነው ያለኝ፤ እኔ ደግሞ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው።

"እሺ፣ ነገ አቆማለሁ።"

ያኔ ሳቀ። ሳቁ በደነዘዘው ከንፈሩ በኩል አምልጦ ፍስስ ይላል፤ በሕይወቴ እንደሱ ያለ ሳቅ ከጋሼ ሰምቼ አላውቅም። እጁ አፉ ላይ ይሁን አይሁን በስልክ አይታይም። ልጠይቀው ፈለግሁ፣ አፈርኩ።